መብራት አልረሳሁም

በኮምፒዩተር የሠራሁት የመጀመሪያ ሥዕል ላይ ሶፋው አየር ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ያለ አንዳች ሐፍረት፣ ሳሎኑ መሀል። መምህሩ ከኋላዬ ቆሞ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «እትዬ፣ ይሄ ሶፋ ወዴት እየሄደ ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ መምህሩ ራሱ ብወልደው የሚደርስልኝ ልጅ ነው። ያን ቀን ከሬንደሪንግ ሥልጠናው የወጣሁት «ይሄን ነገር ካልቻልኩት ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል» እያልኩ ነው።

«ሬንደሪንግ ደግሞ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፤ ገና ያልተሠራን ቤት ፎቶ ማንሳት። አርክቴክቱ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። አንቺ መስመሩን ኮምፒዩተር ላይ ወስደሽ ግድግዳ ታቆሚበታለሽ፤ ግድግዳውን ቀለም ትቀቢዋለሽ፤ ፀሐይ ታወጪለታለሽ፤ ከዚያ ካሜራሽን አንድ ጥግ አቁመሽ ቁልፉን ትጫኛለሽ። ማሽኑ ያጓራል፣ ይሞቃል፣ ሥዕሉም ከጭጋግ ውስጥ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይመጣል። ፎቶ ማንሳት ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ለመታወቂያው፣ ለምርቃቱ፣ ለሠርጉ «ቀና በል፣ አትጨፍኚ» ስል። ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ባለቤቱ መብራቶቹን ሸጦ በሩን ዘጋ፤ እኔም ባዶ እጄን ቤት ገባሁ።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ነው «ሱቄ መጥተሽ ሚስማር መዝኚ» ያለኝ። የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው። ጋሼ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚወደው በማዘዝ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይመርጠው የቤተሰቡ ሰብሳቢ ሆኗል፤ አክስቴ «ሊቀመንበሩ» የምትለው ለዚያ ነው። እኔ ግዴለም ብዬ ለሥልጠናው ተመዘገብኩ። እሱም «ሰዓሊዋ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ በፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ሰዓሊዋ ታዲያ ጉድ ሠራች። ከሶፋው ቀጥዬ የሠራሁት መስኮት መስተዋቱ የጭቃ ውኃ መሰለ። ሣር ዘራሁ፤ የጫማ ብሩሽ ሆኖ በቀለ። ዛፍ ተከልኩ፤ ግንዱ በመኝታ ቤት አልፎ በጣሪያ ወጣ። የበሩን እጀታ ጉልበት ላይ አድርጌው መምህሩ «የሚገባው ማን ነው፣ ድመት?» አለኝ። ሰዎቹማ! በዚህ ሙያ ሥዕሉ ነፍስ እንዲዘራ ተብሎ ከፎቶ ተቆርጠው የተዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ እየመረጥሽ ትለጥፊያቸዋለሽ። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም የሆነ ቦታ የሚቸኩሉ ናቸው፤ ግማሾቹ ውሻ ይጎትታሉ። ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሰው ብፈልግ አጣሁ። አንዱን ባለ ቦርሳ ጎረምሳ በር ላይ ባቆመው ከጣሪያው በልጦ አረፈው። ለአክስቴ ባሳያት «ቁርጥ ሊቀመንበሩን!» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እኔ ግን ምን ቆርጦኝ እተወዋለሁ! እልህ ያዘኝ። ሶፋውን አውርጄ መሬት አስያዝኩት፤ መስተዋቱን አጠራሁት፤ ጎረምሳውን በልኩ አሳጠርኩት። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ሲጠፋኝ ሁሉንም እነካካለሁ፤ የነካካሁት ሲበላሽ እንደገና ከሥሩ እጀምራለሁ። ወጣቶቹ ተማሪዎች በአንዴ የሚገባቸው ነገር እኔ ጋ ሦስት ጊዜ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ከደረሰ በኋላ ግን አይወጣም። ቀስ በቀስ መምህሩ ከኋላዬ ሲቆም መሳቅ ተወ። አንድ ቀን እንዲያውም «እትዬ፣ የጥላ አጣጣልሽ ጥሩ ነው» አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ጥርሴ አልተከደነም።

ጋሼ ሥራ ይዞልኝ የመጣው ይሄን ጊዜ ነው።

ነገሩ የእማዬ ቤት ነው። አባታችን ትቶላት የሄደ፣ ፊቱ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ ቤት። ጋሼና አርክቴክት ጓደኛው ቤቱን አፍርሰው በቦታው፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሊያቆሙ አስበዋል። ምድር ቤቱ ፊት ለፊት ባንክ ይገባበታል። ላይኞቹ ፎቆች ለጋሼ ልጆችና ለኪራይ ናቸው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ምድር ቤት፣ ከባንኩ ኋላ አንድ ክፍል ተመድቦላታል። ቤቱ በስሟ ስለሆነ ያለ እሷ ፊርማ አንድ ድንጋይ አይነቀልም፤ እሷ ደግሞ በተጠየቀች ቁጥር «እስቲ ላስብበት» ትላለች።

«እስካሁን ያየችው መስመር ብቻ ነው፤ መስመር ለእሷ ምን ይነግራታል?» አለኝ ጋሼ። «አንቺ በሥዕል አድርጊላት። አንዱን ከውጭ፣ አንዱን ደግሞ ክፍሏን። ስታየው እሺ እንድትል አድርገሽ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ጋሼ ከእኔ ሙያ ፈልጎ ሲመጣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። የውጩን ሥዕል ላቤ ጠብ እስኪል ሠራሁት፤ የባንኩ መስተዋት ጭቃ እንዳይሆን፣ ዛፉ በማንም መኝታ ቤት እንዳያልፍ፣ መንገደኞቹ በልካቸው እንዲሆኑ። ጋሼ ሲያየው «ይሄማ ፎቶ ነው!» አለና ሱቁ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ ሰቀለው። ደንበኛ በገባ ቁጥር «እህቴ ናት የሠራችው» ይላል። ስሰማው ልቤ ሞቅ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ክፍሏን ከመጀመሬ በፊት እማዬ ጋ ሄድኩ፤ ወንበሯንና አልጋዋን ለክቼ ቁርጥ ራሳቸውን አስመስዬ ልሠራቸው። እማዬ ቀኑን የምታሳልፈው መኝታ ቤቷ መስኮት ፊት ነው። ሹራብ ትሠራለች፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ እሷ የሠራችውን ኮፍያ አድርጎ ነው ያደገው። ዓይኗን ከታመመች ወዲህ በአምፖል አይሆንላትም፤ ክሩ ይምታታባታል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። በቀን ብርሃን ግን መርፌዎቹ እጇ ላይ እንደ ድሮው ይሮጣሉ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ሥራዋን ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለእሷ እጅን ታቅፎ መቀመጥ ነው።

«ዓይኔ የሚሠራው ከፀሐይ ጋር ተዋውሎ ነው» አለችኝ ወንበሯን ስለካ። «እዚያም መስኮት አለኝ አይደል?»

«አለሽ፣ እማዬ» አልኳት። ፕላኑ ላይ አይቼዋለሁ፤ ትልቅ መስኮት ነው።

ክፍሉ ላይ ስመጣ ነገሩ ተበላሸ። ከፕላኑ ልኬቱን ወስጄ ግድግዳውን አቆምኩ፣ አልጋዋንና ወንበሯን አስገባሁ፣ መስኮቱን በቦታው ከፈትኩ። መምህሩ «ቤት ሜዳ ላይ ብቻውን አይቆምም፣ አካባቢውንም ሥሩ» ስለሚለን የጎረቤቱን ረጅም ሕንፃ ከጀርባ አቆምኩት። ካሜራዬን በሩ ላይ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ አጓራ፣ ሞቀ፣ ጨረሰ። ሥዕሉ ጥቁር ነው። ጥቁር ስል የምሽት ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ የድስት ቂጥ ማለቴ ነው። መስኮቱ ባለበት ቦታ ብቻ አመድ የመሰለች ቁራጭ ትታያለች።

መምህሩ አየት አደረገና ፈገግ አለ። «መብራት ረስተሻል፣ እትዬ። የጀማሪ ስህተት ነው፤ አትጨነቂ።»

አመንኩት። ሶፋ ያንሳፈፈ ሰው መብራት ቢረሳ ምን ይገርማል? ተመልሼ ፈተሽኩ። ፀሐይዋ በርታለች። ሰማዩም አለ። መስተዋቱ ጨቅይቶ ይሆን ብዬ ከነጭራሹ አወለቅኩት፤ ጥቁር። ሰዓቱን እኩለ ቀን አደረግኩት፤ አሁንም ጥቁር። ግድግዳውን ወተት አስመስዬ ቀባሁት፤ ድስቱ ትንሽ የታጠበ መሰለ እንጂ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ካሜራዬን ይዤ በመስኮቱ ወጣሁ፤ በኮምፒዩተር ሲሆን በመስኮት መውጣት ነውር የለውም። አፍንጫዬ ሥር ግድግዳ ተደቅኗል። የጎረቤቱ ሕንፃ ነው። በእሱና በእኛ መካከል የቀረው ክፍተት ሰው በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ከላይ ክር አክሏል።

ዓይኔን አላመንኩትም። በማግስቱ ሜትርና ጠመኔ ይዤ እማዬ ጓሮ ሄድኩ። አሁን ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ነው አዲሱ ግድግዳ የሚመጣው። አክስቴ የሜትሩን ጫፍ ይዛልኝ በፕላኑ ልክ መሬቱ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ከዚያ «በመስመሩና ከጎረቤቱ ሕንፃ በተያያዘው አጥር መካከል እለፊ» አልኳት።

«እኔ እንኳን እዚህ፣ በሰፊው በርም ስገባ ሰው ነው የሚገፋኝ» አለች። ደግሞም ሞከረች፤ መሀል ላይ ደርሳ ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«የእማዬ መስኮት የሚያየው።»

አክስቴ የጎረቤቱን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አየችው። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለደችም።

እንግዲህ ስህተቱ የእኔ አልነበረም። ማሽኑም አልተበላሸም። ክፍሉ ራሱ ጨለማ ነው። ይህን ለመምህሩ ስነግረው ትከሻውን ሰበቀ።

«እሱማ ቀላል ነው። ጣሪያው ሥር የማይታይ መብራት ታስቀምጫለሽ። መብራቱ ሥዕሉ ላይ አይወጣም፤ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚወጣው። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«አምፖል የሌለው መብራት?»

«አዎ።»

«ሽቦስ?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ቆጣሪው በማን ስም ነው የሚቆጥረው?»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅኩት።

ሞከርኩት ደግሞ። መብራቱን አስቀምጬ ቁልፉን ስጫን ክፍሉ ወገግ አለ። አልጋ ልብሱ አበባ አወጣ፣ ወለሉ አብረቀረቀ፣ መጋረጃው ሳይቀር ሰው የሚጠራ መሰለ። እስከዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር፤ ለራሴ «እጅሽ ይባረክ» ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ወንበሯን አየሁት። በእጄ የለካሁት ወንበር፣ መስኮቱ ፊት፣ በሌለ ብርሃን ታጥቦ ቆሟል። እማዬ መርፌዎቿን ይዛ እዚያ ስትቀመጥና ክሩን ስታጣው ታየኝ። ደሜ ፈላ። በፎቶ ቤት ዘመኔ የስንቱን የዓይን ሥር እንዳነጣሁ፣ የስንቱን ብጉር እንዳጠፋሁ እኔም አላውቀው፤ አላፍርበትምም። ፎቶውን ወስዶ የሄደ ሰው ቤቱ መስተዋት አለው፤ መልኩን ያውቀዋል። ይሄን ክፍል ግን እማዬ የምታውቀው አሮጌው ቤት ፈርሶ ካለቀ በኋላ ነው። መብራቱን ሰረዝኩት።

ጥቁሩን ሥዕል አሳትሜ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ተቀብሎ ገለበጠው፤ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ፊቱን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእማዬ ክፍል።»

«መብራት ረስተሻል።»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን አይታይም?»

«ስለማይታይ ነዋ!»

የግድግዳውን ነገር አስረዳሁት። ሰማኝ፤ ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ሰምቶ ሲያበቃ ግን እጁን አወናጨፈ። «ቤቱ ውስጥ አምፖል አይኖርም ያለሽ ማን ነው? ከፈለገች ቀኑን ሙሉ ይበራላታል።»

«በአምፖል ክሩ አይታያትም። አንተም ታውቃለህ።»

«እና ሹራቡ ይቅርባታ! በዚህ ዕድሜዋ ማን ሥሪ አላት? ጣሪያው ሲያፈስስ? ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዤ የምሮጠው እኔ አይደለሁም?»

እውነቱን ነው፤ ባልዲ ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። ጋሼን መጣላት የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ግማሽ እውነት አያጣም። በዚያ በግማሹ ሌላውን ግማሽ ያፍነዋል።

«ክፍሏን ወደ ፊት አምጣው» አልኩት።

«ፊቱ የባንኩ ነው። ባንክ ከሌለ ሕንፃ የለም።»

«እንግዲያው ሥዕሏ ይሄ ነው። ሌላ አልሠራም።»

«ባለሙያ አሠራለሁ» አለ ጥቁሩን ሥዕል ወደ እኔ እየገፋ። «ሶፋ አየር ላይ የምትሰቅል ሰው ይዤ ነው ለካ የደከምኩት።»

ሲያናድደኝ አንቱ እለዋለሁ። «እርስዎ ያውቃሉ» ብዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነው እንጂ የሐዘን አልነበረም።

በቀጥታ እማዬ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። መርፌዎቿን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ጋሼሽ እኔን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጠኛል?» አለች በመጨረሻ። «አያደርገውም። ተሳስተሽ እንዳይሆን፣ ልጄ። ገና እየተማርሽ አይደል?»

ምን ልበላት? ጋሼ ያደርገዋል ብላት ልጇን መስደቤ ነው፤ አያደርገውም ብላት መዋሸቴ ነው። «እየተማርኩ ነው» አልኳት።

እሁድ ከምሳ በፊት ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ። የእማዬ ጉልበት ስላልተሻላት የተሰበሰብነው እሷው መኝታ ቤት ነው። እሷ ወንበሯ ላይ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጋሼ መሀል ላይ ቆሞ፣ እኔ በሩ ጋ። ፀሐይዋ የእማዬን ትከሻ አልፋ ጉልበቷ ላይ ተዘርግታለች።

ጋሼ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል ከላስቲክ አወጣ። ባለሙያው እጁን አልሰሰተም። ክፍሉ በብርሃን ተጥለቅልቋል፤ መጋረጃው በነፋስ ይውለበለባል፤ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነፋሱ ከየት እንደመጣ እሱ ይወቅ። ወንበሩ ላይ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጥርሷ ሙሉ የሆነ አንዲት የማናውቃት ሴትዮ ተቀምጣ ትስቃለች። እግሯ ሥር ትንሽ ውሻ ተኝቷል።

«ይቺ ማን ናት?» አለች እማዬ።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ማለቴ፣ በአንቺ ቦታ ናት።»

«ውሻውስ በማን ቦታ ነው?» አለች አክስቴ።

ጋሼ እንዳልሰማ አለፋት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እማዬ፣ ክፍልሽ ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

እማዬ ሥዕሉን አስጠጋችው፤ አራቀችው። «ያምራል» አለች።

እኔም የእኔን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።  አክስቴ አንገቷን አስግጋ አየችና ወደ ጋሼ ዞረች።

«ጀማሪ ናት፣ አትፍረዱባት» አለ ጋሼ በለሰለሰ ድምፅ፤ የሚያናድደውም ልስላሴው ነው። «መብራት ማስገባት ገና አልተማረችም።»

«መብራት አልረሳሁም! እማዬ፣ ክፍሉ ይሄ ነው። ከመስኮትሽ ፊት ያለው ግድግዳ ነው።»

እማዬ ጥቁሩን ሥዕል በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። «በርቺ፣ ልጄ» አለችኝ። «ቀስ በቀስ ትለምጅዋለሽ።»

ጋሼ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ አዘነችልኝ፤ ይሄ ነው አንጀቴን የበጠሰው። እሷ ግን ወደ ጋሼ ዞራ «ልጆቼ በሥዕል ከሚጣሉብኝ እኔ የትም እኖራለሁ። ወረቀቱን አምጣው» አለች። ጋሼ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻውን መጽሐፍ ላይ ዘርግቶ ጉልበቷ ላይ አኖረላትና ብዕሩን ከፍቶ ሰጣት።

ከመስኮቱ ጎን ቁምሳጥን አለ። የአባቴ ጊዜ ነው፤ ከባድ፣ ልብስ እስከ አፉ የተጠቀጠቀበት። ጀርባዬን ለጎኑ ሰጠሁ፣ እግሬን ጥጉ ላይ ካለው ግድግዳ ጋር አስደግፌ ገፋሁት። ወለሉ ጮኸ።

«አበድሽ እንዴ!» አለ ጋሼ።

«ዝም በል።»

«ኧረ ይወድቅብሻል!» አለች አክስቴ እግሮቿን አልጋው ላይ ሰብስባ፤ ድምፅዋ ላይ ግን «ግፊው» የሚል ነገር ነበረበት።

ገፋሁት። በእማዬ ወንበርና በመስኮቱ መካከል አሳለፍኩት። ጉልበቷ ላይ ያለችውን ፀሐይ መጀመሪያ ጫፍ ጫፏን በላት፤ ከዚያ ወረቀቱን አዳርሶ ሙሉ በሙሉ ዋጣት። ከጎን መዳፍ የምታህል ክፍተት ስትቀር ቆምኩና ሄጄ በሩን ዘጋሁ።

«ይሄ ነው ሥዕሌ» አልኩ እያለከለክሁ። «የጎረቤቱ ግድግዳ ከመስኮትሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሁን መፈረም ከፈለግሽ ፈርሚ።»

 ውጭ ቀኑ በሙሉ ድምፁ ነው፤ የመኪናው ጡሩምባ፣ የአላፊ አግዳሚው ጫጫታ። እኛ ግን የእርስ በርሳችንን መልክ በደንብ አንለየውም። የወረቀት ኮሽታ ሰማሁ። እማዬ ወደ ዓይኗ አስጠግታዋለች፤ ቀጥሎ አርቃዋለች፤ እንደገና አስጠግታዋለች።

«የት ጋ ነው ያልከኝ?» አለች።

«ከታች፣ እማዬ። ቆይ፣ ላብራልሽ።» ጋሼ ማብሪያውን ፍለጋ ግድግዳውን ሲዳብስ ይሰማኛል።

«በጠራራ ፀሐይ?»

ዳበሳው ቆመ።

«በጠራራ ፀሐይ መብራት ልታበራልኝ ነው፣ ልጄ?»

 እማዬ ብዕሩን ከድና መጽሐፉ ላይ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ አልተቆጣም፤ የምትገዛውን ዕቃ እንደመረጠች ሰው ነው የተናገረችው።

«ሕንፃህን ሥራ፤ አትሥራ አላልኩህም። ፊቱን ለእኔ አድርገው። ባንኩን ከኋላ አስገባው፤ ብር ፀሐይ አይሞቅም።»

«እንዴ፣ እማዬ!» ጋሼ ጮኸ። «እንዲህ ያለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማን ይገባልኛል?»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው።   እማዬ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊቷን ወደ እሱ አዙራለች፤ መልስ የምትጠብቅ ሰው ናት።  ጋሼ ኮቱን አወለቀና አልጋው ላይ ጣለው። ከዚያ በዳበሳ ሄዶ ትከሻውን ቁምሳጥኑ ላይ አሳርፎ መግፋት ጀመረ።

ከባድ ነው። አላገዝኩትም።